ኮንቴይነሩ ውስጥ የቀረችው «እማዬ»

እኔ በያጅ ነኝ። በርና መስኮት የምበይድ እንዳይመስላችሁ፤ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ዕቃዎችን በአጉሊ መነጽር እያየሁ ቦርድ ላይ የምተክል በያጅ ነኝ። ሥራው ዝምታ ይፈልጋል ይላሉ፤ እኔ ግን እጄ ሲሠራ አፌም አብሮ ካልሠራ አይሆንልኝም። የዚህን ሰው ታሪክ የምነግራችሁ ምላሴ ረዥም ስለሆነ ብቻ አይደለም። በደረሰበት ነገር የኔም አፍ ስላለበት ነው።

ጥንቁቁ እንለዋለን። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ለቀልድ ነበር፣ ተለጥፎበት ቀረ። ጠረጴዛው ከኔ ጠረጴዛ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። ዎርክሾፓችን ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይሠራል፤ የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ፣ የበር ደወል፣ የማቀዝቀዣ ሙቀት መለኪያ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። እኔ አካሉን እሠራለሁ፣ እሱ ነፍሱን። ነፍስ የምለው እነሱ ፈርምዌር የሚሉትን ነው፤ ቺፑ ውስጥ ተቀምጦ ዕቃውን «አሁን ብራ፣ አሁን ጥፋ» እያለ የሚያዘውን ፕሮግራም።

ጥንቁቅነቱ ለከት የለውም። የምሳ ዕቃው ክዳን ላይ እንኳ ቀን ይጽፋል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ጃንጥላ ይዞ ይመጣል። «ዝናቡ ከየት ሊመጣ ነው፣ ከኪስህ?» ስለው፣ «ሲመጣ ታዪዋለሽ» ይለኛል። መጥቶ ሲያርሰኝ ደግሞ ጃንጥላውን ለኔ ሰጥቶ እሱ እየረጠበ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ምኑን ጥንቁቅ ሆነ ታዲያ!

ኮንቴይነር የሚባለውን ነገር ወደ ዎርክሾፑ ያመጣው እሱ ነው። መርከብ ላይ የሚጫነውን ብረት ማለቴ አይደለም። ድሮ አንድ ፕሮግራም አንዱ ኮምፒውተር ላይ ይገነባል፣ ሌላው ላይ እምቢ ይላል፤ አለቃችን ይጮኻል፤ ሁሉም «እኔ ጋ እኮ ይሠራል» እያለ ይምላል። ጥንቁቁ ይህን አስቀረልን። ምን እንደሆነ ስጠይቀው መነጽሩን አውልቆ እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦

«ኮምፒውተሩ ውስጥ አንዲት የሥራ ክፍል አለች በዪ። ክፍሏ ውስጥ የሚገባው መሣሪያ ሁሉ፣ የትኛው መዶሻ፣ የትኛው መጋዝ፣ የስንተኛው ዓመት ሥሪት፣ አንድ በአንድ ዝርዝር ላይ ተጽፏል። ዝርዝሩን ለማንም ስጪው፣ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ቁርጥ እሷኑ የመሰለች ክፍል ይሠራለታል። ብትበላሽ አላዝንም። አፈርሳትና በዝርዝሩ መልሼ እሠራታለሁ።»

«ውስጧ ያስቀመጥከውስ?»

«ለሱማ የጋራ መደርደሪያ አለ። መደርደሪያው ከክፍሏ ውጭ ነው፤ ክፍሏ ብትፈርስም አይነካም። ሥራችን የሚቀመጠው እዚያ ነው። መሬት ላይ ዕቃ ጥሎ የሚሄድ ካለ፣ የራሱ ጉዳይ።»

ይህን ያለው ራሱ ነው። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ሚስቱ ስልከኛችን ነበረች። መግቢያው ላይ ተቀምጣ ስልክ ታነሳለች። ድምፅዋን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሊሳደብ የደወለ ደንበኛ ይቅርታ ጠይቆ ይዘጋል። ለኔ ጓደኛዬ ነበረች። ምሳ አብረን ነበር የምንበላው፤ የሁለታችን ሐሜት ብቻውን ሌላ ዎርክሾፕ ይሞላ ነበር። ባሏንም ከፊቱ ነበር የምናማው፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይበላል፣ አንዳንዴ «እሱስ እውነት ነው» ይላል።

አንድ ጊዜ አለቃችን ለሸመገሉ ሰዎች የሚሆን የመድኃኒት ሣጥን እንሥራ አለ። ሰዓቱ ሲደርስ ጠቅ ይልና በሰው ድምፅ ይናገራል፦ «ደህና አደሩ። የጠዋት መድኃኒትዎን ይውሰዱ።» ይኸው ነው። ድምፁ የማን ይሁን ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሁላችንም ዞረን ያየነው ወደ መግቢያው ነው።

በምሳ ሰዓት ዕቃ ግምጃ ቤት ገባን። ካርቶኖቹ ድምፅ እንዳያስተጋባ ይረዳሉ ብሎ ቦታውን የመረጠው እሱ ነው። ማይክሮፎኑን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ግማሹን ሰዓት ሳቀች። «ደህና አደሩ» ትልና የባሏን ፊት አይታ ትፈነዳለች። እሱ «እባክሽ፣ እባክሽ» ይላል፤ እሱ በለመናት ቁጥር ሳቁ ይብስባታል። እንደ ምንም ጨረሰች። ማይክሮፎኑን ላወርድ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ቆይ፣ አንድ ለእናቴ።» ሳቋን ዋጥ አደረገች። «እማዬ! ደህና አደርሽ? መድኃኒትሽን ዋጪ፣ እንዳትረሺ።»

አርባ ሣጥን ሠርተን ሸጥን። አርባ አንደኛው የእናቷ ነበር፤ የሱን ፕሮግራም ጥንቁቁ ለብቻው ነው የገነባው። እናትየው፣ እማማ እንላቸዋለን፣ ሣጥኑን ሲያዩ ተቆጡ። «ልጅ ወልጄ በዕቃ ልጠራ? ራስሽ መጥተሽ ንገሪኝ እንጂ ዕቃ አትላኪብኝ!» አሉና ቁም ሣጥን ውስጥ ከአንሶላ ሥር ወሸቁት። ስልከኛዋ ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። «ታወጣዋለች። እልኳ እስኪበርድ ነው» አለችኝ።

እልካቸው የበረደው ልጃቸው ከሞተች በኋላ ነው። ድምፅዋን በቀዳን በማግሥቱ ሆዷን አመማት፤ ባሏ ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ ስትመላለስ ቆይታ ኋላ እዚያው አስተኟት። ሁለት ወር ሳይሞላ አለፈች። እዚህ ላይ ብዙ አልናገርም፤ ሆድ ይፍጀው።

ጥንቁቁ በሕይወቱ አንድ ነገር መሬት ላይ ጥሎ የሄደው ድምፅዋን በቀዳን ቀን ነው። ድምፅ የሚያሳጥረውና ለቺፑ የሚያመቻቸው መሣሪያ ኮንቴይነሩ ውስጥ ስለነበር፣ የቀዳውን ሁሉ፣ ሳቋን፣ «እባክሽ»ውን፣ «እማዬ»ዋን፣ እዚያው ክፍሏ ውስጥ አኖረው። ነገ ወደ መደርደሪያው አወጣዋለሁ ብሎ። ነገ ሚስቱን ደግፎ ሐኪም ቤት ተሰልፎ ነበር። አርባ አንዱን ሣጥን የገነባው ማታ ማታ ከሐኪም ቤት ሲመለስ፣ ሐሳቡ እዚያው ቀርቶ ነው። ፕሮግራሞቻችን ወደሚቀመጡበት ዋና መዝገብም አላስገባውም፤ ከባድ ፋይል መዝገብ ውስጥ አይገባም የሚል ሕግ ነበረን፣ ሕጉን ያወጣውም ራሱ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ያንን ሥራ መክፈት አቃተው። ቺፑ ከገበያ ጠፋ ተብሎ ሣጥኑ መሠራቱ ሲቀር አንድም ቃል አልተናገረም። ኮንቴይነሩን ዘግቶ ኮምፒውተሩ ላይ ተወው፤ አራት ዓመት።

ኋላ ስጠይቀው፣ «እዚያ እንዳለች አውቅ ነበር። ማወቄ ይበቃኝ ነበር» አለኝ።

እማማ ዓይናቸው እየደከመ ስለሄደ ጥንቁቁ ጠቅልሎ እሳቸው ቤት ገባ። አማትና አማች አንድ ጣሪያ ሥር! እኔ ወር አይቆዩም ብዬ ነበር። በመስኮት ይጣላሉ፤ እሳቸው ይከፈት ይላሉ፣ እሱ ብርድ ይመታዎታል ይላል። በጨው ይጣላሉ። በሬዲዮ ይጣላሉ። ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ሁለቱም ዝም ይላሉ። እሱ ወጥ ቤት ቆሞ፣ እሳቸው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ጠቅ ይላል፤ «እማዬ! ደህና አደርሽ?» ትላለች። ከዚያ እማማ ክኒናቸውን ይውጣሉ፣ እሱም ወደ ሥራ ይመጣል። ሰው የሚኖረው በእንዲህ ያለ ነገር ነው።

አንድ ሰኞ ሣጥኑን በፎጣ ጠቅልሎ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። እማማ አቧራውን ሲጠርጉ ከእጃቸው አምልጦ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ገብቶባቸዋል። ደንግጠው አወጡት፣ ጠረጉት፣ ከነእርጥበቱ ቻርጀር ላይ ሰኩት።

«ይድናል?» አለኝ፤ ሰው ሐኪም እንደሚጠይቅ።

ከፈትኩት። በባትሪው በኩል ጠቁሯል። ቺፑን ነቅዬ ደህና ቦርድ ላይ ተከልኩት፤ እጄ እንደዚያን ቀን ተጠንቅቆ አያውቅም። ኃይል ስሰጠው ጣቴን አቃጠለኝ። ቺፑ ሞቷል።

«ምንም አይደል» አለ። ደግሞም ከልቡ ነበር፤ ትከሻው ሲረግብ አየሁት። «ድምፅዋ እኔ ጋ አለ። በአዲስ ቺፕ እገነባዋለሁ።»

ለአዲሱ ቺፕ አዲስ ኮምፓይለር ያስፈልገዋል። ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ወደ ቺፑ ቋንቋ የሚገለብጠው መሣሪያ ነው። ጥንቁቁ ያንን የአራት ዓመት ሥራ ከፈተ፣ ዝርዝሩ ላይ አንዲት መስመር ቀየረ። ወዲያው ስክሪኑ ጠየቀው፦ ዝርዝሩ ተለውጧል፣ ኮንቴይነሩ እንደገና ይገንባ?

እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት። ከኋላው ቆሜ ነበር።

«እንጃ። የረሳሁት ነገር ያለ መሰለኝ።»

«አንተ? የምሳ ዕቃው ላይ ቀን የሚጽፈው ሰው?»

አልሳቀም። ስክሪኑን እያየ ቆየ። አሮጊቷ ቤታቸው ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ እኔም መበየጃዬን አግዬ ትቼው መጥቻለሁ፤ ትዕግሥት ደግሞ አልፈጠረብኝም። «በለው እንጂ!» አልኩት። «ብትፈርስ መልሼ እሠራታለሁ አላልክም?»

አፌን በቆረጠው። ተጫነው።

አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። መስመሮቹ ስክሪኑ ላይ ሲወርዱ ሲወርዱ ቆይተው አረንጓዴ ምልክት መጣ። ያ የራሱ ኩራት የነበረው ዝርዝር አንዲት ሳያጎድል ክፍሏን መልሶ ሠራት። «አየህ?» አልኩት። እሱ አንድ ፎልደር ከፍቶ ያያል። ባዶ ነው። ዘግቶ ከፈተው። ባዶ ነው። ከዚያ ሁለት እጆቹን ጭኑ ላይ አኖረ።

«መደርደሪያው ላይ አላወጣኋትም» አለ፤ በጣም ቀስ ብሎ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ክው አልኩ።

አሮጌዋ ክፍል ፈርሳለች፤ መሬቷ ላይ የነበረው ሁሉ አብሮ ሄዷል። በየሳምንቱ የሚቀመጠው መጠባበቂያ ቅጂ ውስጥም የለም፤ ኮንቴይነሮች በማንኛውም ጊዜ እንደገና ስለሚሠሩ ቅጂ አያስፈልጋቸውም ብሎ ያስወጣቸው እሱ ነው። ኮምፒውተሩን የጠፋ ፋይል ያወጣል የተባለ ባለሙያ ጋ ወሰድነው፤ ሁለት ቀን አቆይቶ አንገቱን ነቅንቆ መለሰው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛ ያፈሰስነው የሚለቀም አልነበረም።

ሌላ ድምፅዋ የለም ወይ ትሉ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ስልክ ስታነሳ የምትውል ሴት ናት፤ ለራሷ ሰዎች የድምፅ መልእክት መተው ትጠላ ነበር። ስልኳ ከሆስፒታሉ አልጋ ራስጌ ጠፍቷል። የሠርጋቸው ቪዲዮ አለ፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ሙዚቃው ግን ድምፅዋን ውጦታል። ጥንቁቁ ያንን ቪዲዮ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ደጋግሞ ሲያየው አንጀቴን በላው።

«አርባዎቹስ?» ያልኩት በሦስተኛው ቀን ነው።

የገዢዎችን ስልክ የያዘ ደብተር ነበረን፤ የጻፈችውም እሷ ነበረች፣ ክብ ክብ በሆነው ጽሕፈቷ። ተካፍለን ደወልን። አንዱ ጥሎታል። አንዷ ለልጅ ልጇ መጫወቻ ሰጥታዋለች። ብዙዎቹ ባለቤቶች ራሳቸው አልፈዋል፤ ስልኩን የሚያነሱት ልጆቻቸው ናቸው፣ ሣጥኑ የት እንደገባ አያውቁም። ደብተሩ ሊያልቅ ሲል አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር አነሱ።

«አለች እንጂ!» አሉኝ። «ምነው፣ ምን ሆነች?»

ስልኩን ዘግቼ «ቺፑን ታነበዋለህ» አልኩት በደስታ። ራሱን ነቀነቀ።

«አይነበብም። ሌላ ሰው እንዳይገለብጠን ብዬ ሁሉንም ቆልፌያቸዋለሁ። በግድ ልክፈተው ካልኩ ቺፑ መጀመሪያ ያለበትን ሁሉ ያጠፋል።»

«ቁልፉስ?»

«ቁልፍ የለውም። ያኔ ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።»

የቀረን መንገድ ማይክሮፎን ይዞ ሄዶ፣ ሣጥኑ በሰዓቱ ሲናገር መቅዳት ብቻ ነው። ሰዓቱን መለወጥም አይቻልም፤ ሽማግሌዎች እንዳይነካኩት ብሎ አንድም መጫኛ አልሠራለትም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ይናገራል፣ ከዚያ እስከ ነገ ዝም። አውቶቡስ ውስጥ ተጠጋግተን ቆመን ሳለ፣ «እዚያኛው ላይ 'እማዬ' የለችም» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

ሹፌሩ የሚኖሩት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። አልጋ፣ ወንበር፣ በጥፍር ላይ የተሰቀለ ኮፍያ። ሣጥኗ ከአልጋው ራስጌ፣ ከመላጫ መስታወቱ ጎን፣ ትንሽ ጨርቅ ተነጥፎላት ተቀምጣለች። ወንበሩን ለኔ ሰጡኝ። ማይክሮፎኑን ደገንኩ። ያኔም የያዝኩላት እኔ ነበርኩ፤ እጄን አላንቀሳቀስኩም።

ጠቅ አለ።

«ደህና አደሩ። የጠዋት መድኃኒትዎን…»

«እሺ የኔ ልጅ፣ ተነሳሁ!» አሉ ሹፌሩ፤ በሚያምር ወፍራም ድምፅ።

ጥንቁቁ ዓይኑን ጨፈነ። ሹፌሩ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ውይ! ይቅርታ ልጆቼ፤ ሳላስበው ነው። በየቀኑ እመልስላታለሁ። ብቻዬን አይደል የምኖረው? ሰው ጠርቶኝ ዝም ማለት አይሆንልኝም።» ከዚያ ወደ ጥንቁቁ ዞሩ። «ለመሆኑ ልጅቱ ማናት? ደህና ናት?»

ጥንቁቁ የማይክሮፎኑን ገመድ ይጠቀልል ነበር። «ደህና ናት ጋሼ» አለ። «ሰላም ትልዎታለች።»

እኔ በመስኮት አውቶቡሶቹን ማየት ጀመርኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ተመለስን። ሹፌሩ አፋቸው ውስጥ ፎጣ ወትፈው ጠበቁን፤ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሣጥኗ ስትናገር በፎጣው ውስጥ «እምም እምምም» አሉ። በሦስተኛው ቀን «እኔ ውጭ ልቁም» ብለው ደረጃው ላይ ወጡ፣ በሩን ዘጋንባቸው። ጠቅ አለ። «ደህና አደሩ። የጠዋት መድኃኒትዎን ይውሰዱ።» ልክ «ይውሰዱ» ላይ፣ ከበሩ ኋላ፣ ራቅ ብሎ፦ «እሺ የኔ ልጅ፣ ተነሳሁ!»

በሩን ስንከፍት አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። «አፌ አልታዘዘኝም» አሉ።

ነገም እንሞክር አልኩት ለጥንቁቁ። «ይብቃ» አለኝ። «የሚመልስላት ሰው ካለ፣ ይኑር።»

እነዚያን ቀናት ሁሉ እማማ ጠዋት ጠዋት «ሣጥኔስ?» ይሉት ነበር፤ እሱም «እየተሠራ ነው» ይላቸው ነበር። አልዋሸም፣ እውነቱንም አልነገራቸውም። እሑድ ማለዳ አዲሱን ሣጥን ይዘን ስንገባ እማማ ጸጉራቸውን አበጥረው፣ ክኒናቸውን በመዳፋቸው ይዘው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። መስኮቱ ተከፍቷል። ዛሬ ማንም ዝጉት አላላቸውም።

«ነግሬያቸው ልጀምር?» አለኝ በሹክሹክታ። እኔ ራሴ አላወቅኩም። ሰዓቱ ቀደመን።

ጠቅ አለ። እማማ ትንፋሻቸውን ያዙ።

«ደህና አደሩ። የጠዋት መድኃኒትዎን ይውሰዱ።» ከሩቅ ደግሞ፦ «እሺ የኔ ልጅ፣ ተነሳሁ!»

«ሰውዬው ማነው?» አሉ እማማ።

«ሌላ ሣጥን ያላቸው ሰው ናቸው። ድምፅዋን እሳቸው ቤት ነው የቀዳነው።»

«እማዬ አላለችኝም።»

ጥንቁቁ እግራቸው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «አጠፋኋት እማማ» አለ። «የቀዳነውን ሁሉ ያስቀመጥኩት የሚፈርስ ቦታ ነበር። ሰኞ ዕለት በገዛ እጄ አፈረስኩት። 'እማዬ' ያለችዋ ከዚያ ሌላ የትም አልነበረችም።»

«በለው ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እሱ ፈርቶ ነበር። እኔ ነኝ ያጣደፍኩት።»

እማማ ክኒኑን በጣታቸው ሲያገላብጡት ቆዩ፤ የውሃ ብርጭቋቸውም በሌላው እጃቸው እንደተያዘ ነው። ይቆጡ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጡ ደስ ባለኝ ነበር፣ እሳቸው ግን የተናገሩት ለራሳቸው ይመስል ነበር።

«አራት ዓመት ስትጠራኝ አንድ ቀን 'አቤት' አላልኳትም። ድምፅዋን እንዳልሸፍነው ብዬ ትንፋሼን እይዝ ነበር። ነገም ትጠራኝ የለ፣ ሌላ ቀን እመልስላታለሁ እል ነበር።» ክኒኑን ዋጡ። «ይኼ ሰውዬ ይሻላል ከኔ።»

ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። ያን ቀን እህል አልቀመሱም። ጥንቁቁ ከወለሉ የተነሣው ፀሐይ ከክፍሉ ከወጣች በኋላ ነው፤ እኔም አብሬው ተቀምጬ ነበር፤ አንድም ቃል አልወጣኝም፣ ይህ ደግሞ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ሳምንቱ ሲጋመስ ሣጥኑን መልሶ ዎርክሾፕ አመጣው። ተበላሸ እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።

«እማማ አንድ ነገር አዘዙኝ» አለ። «ጠቅ ካለ በኋላ ወዲያው አትናገር፣ ትንሽ ትታገሥ፣ እዚያ ላይ ነበር የምትጠራኝ አሉ።»

ኮንቴይነሩን ከፈተ። ከድምፅዋ ፊት አንዲት ሰከንድ ባዶ ጨመረ። ገነባው፣ ቺፑ ላይ ጫነው፣ ድምፁንም መደርደሪያው ላይ አኖረ። መዝገቡ ውስጥም አስገባው፤ ሕጉን በገዛ እጁ ሰረዘ። አንድ ቅጂ ለኔ ሰጠኝ፤ መሳቢያዬ ውስጥ ከመበየጃ ጫፎቼ ጋር አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በሉን፣ እውነታችሁን ነው። ቺፖቹንም ከዚያ ወዲህ አይቆልፍም፤ አለቃችን ቢናገረው ቀና ብሎ ያየዋል እንጂ አይመልስለትም።

አሁን እሑድ እሑድ ማለዳ እማማ ጋ እሄዳለሁ። ጥንቁቁ ወጥ ቤት ቆሞ ይጠብቃል። የምሳ ዕቃው ላይ ቀን መጻፉን ትቷል፤ ጃንጥላውንም የሚረሳባቸው ቀናት አሉ። ስሙን ልቀይርለት አስቤ ነበር፣ አልቻልኩም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሣጥኑ ጠቅ ይላል። እማማ አልጋቸው ላይ ቀና ይላሉ።

«አቤት ልጄ» ይላሉ፣ በዚያች ባዶ ሰከንድ።

ከዚያ ልጃቸው እንደማታውቃቸው ሰው «ደህና አደሩ» ትላቸዋለች።